ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ልጆች

ሰብሰብ በሉ፤ ወንበሩንም ጠጋ ጠጋ አድርጉት። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ የቡልጋ ልጅ ነው። አስፋው ይምሩ ይባላል። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ያስተማራቸው ልጆች ቁጥር በአሥር ሺዎች ይገመት ነበር፤ አብዛኞቹም በልጅነታቸው ደብተር የሚገዛላቸው ያልነበራቸው ናቸው። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፤ ትረካው ለእናንተ ነው። የምታውቁትም ታገሡኝ፤ የደግ ሰው ነገር ሁለቴ ቢሰማ አይሰለችም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከድህነት ተነስቶ ትልቅ ቦታ የደረሰ ሰው በአገራችን ሞልቷል። እኔን የሚገርመኝ የዚህ ሰው የማካፈል ጊዜ ነው። ሁላችንም «ሲያልፍልኝ እረዳለሁ» እንላለን። ያልፍልናል፤ መርዳቱ ግን ለሌላ ጊዜ ይቀጠራል። ቤቱ ይለቅ፣ ልጆቹ ይደጉ፣ ዕዳው ይውጣ እያልን ዕድሜያችን ይሄዳል። አስፋው ግን ሳያልፍለት ጀመረ። ገና የሰው እንጀራ እየበላ፣ ገና የተማሪ ቤት አልጋ ላይ እየተኛ ነው የጀመረው። ይህን ያዙልኝና እንሂድ።

ቡልጋን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከሸዋ ደጋ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስትመለከቱ መሬቱ ድንገት ይሰበራል። ገደሉ ወደ ከሰም ወንዝ ይወርዳል፤ ከሰምም ቆላውን አቋርጦ አዋሽን ይቀላቀላል። በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን አርበኛ የዋለበት፣ ያደረበት አገር ነው። አስፋው የተወለደው ያ ዘመን ካበቃ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። የዚያን ጊዜ የገጠር ልጅ ኑሮ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም፤ ጥጃ መጠበቅ፣ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ የትልልቅ ሰዎችን ወሬ መስማት። ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ለዚያ ልጅ የሩቅ አገር ወሬ ነበር።

ልጁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ተነሣና አዲስ አበባ ገባ። በእግሩ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው መንገዱ። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ በቤታችሁ ካለ እስቲ አሁን ዞር ብላችሁ ተመልከቱት። ጫማውን ራሱ ማሰር የለመደው ምናልባት አምና ነው። ያን የሚያህል ልጅ ነው እንግዲህ ብቻውን ተነስቶ ዳገቱን የወጣው።

አዲስ አበባ ደረሰ። ከተማው አላወቀውም። እንደ ብዙው መጠጊያ የሌለው ሰው ወደ ጊዮርጊስ ሄደ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከሌሎች ልጆችና ከየኔ ቢጤዎች ጋር አደረ። ቀን ቀን እንዲህ ያለ ልጅ የሚሠራው የታወቀ ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችን እየተከተለ «ልሸከምልዎ እትዬ» ይላል። ዘንቢሉን ይሸከማል፤ ሳንቲም ያገኛል። ሳንቲሙ ዳቦ ይሆናል። ያላገኘ ቀን ደግሞ ከደጀ ሰላም የሚመጸወተውን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ትረካዬን ትንሽ ላቁምና ስለ ሌላ ልጅ ላውራችሁ፤ ያለ እሱ የአስፋው ነገር አይገባም። አገራችን ለማኝ ልጅ አይታ አታውቅም እንዳይመስላችሁ። የቆሎ ተማሪ ምንድን ነው? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እንጀራ የሚለምን ልጅ ነው። ውሻ ያባርረዋል፤ ብርድ ይመታዋል። ነገር ግን የቤቱ እመቤት ስታየው ተማሪ መሆኑን ታውቃለች። ከመሶቧ ቆርሳ ትሰጠዋለች፤ ነገ ደብተራ፣ ነገ መሪጌታ፣ ነገ የቅኔ መምህር ይሆናል ብላ ነው። ለዘመናት የዚህች አገር ለማኝ ልጅና የዚህች አገር ተማሪ ልጅ አንድ ልጅ ነበሩ ማለት ይቻላል። መንደሩ ያበላል፣ ልጁ ይማራል፤ በዚህ የተነሳ መጻሕፍቱም ቅኔውም ከትውልድ ወደ ትውልድ ተሻገሩ።

ከተማ ሲመጣ ይህ ውል ተቆረጠ። የሚማረው ልጅ ቤት ያለው፣ የደንብ ልብስ ያለው፣ እጁን ይዞ የሚያስመዘግበው ያለው ሆነ። የሚለምነው ልጅ ደግሞ «ዱርዬ»፣ «ቦዘኔ» ተባለ። ያው ልጅ፣ ያው ረሃብ፤ ነገ ምን ይሆናል ብሎ የሚያየው ሰው ግን የለም። አስፋው ይምሩ በዕድሜው ሙሉ የሠራው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህን የተቆረጠ ውል መልሶ መቀጠል ነው።

እንመለስ። ከነዚያ ዘንቢል ከሚሸከምላቸው መካከል አንዲት ሴት ልጁን ወደደችውና ወስዳ በቤቷ በሥራ አኖረችው። እንደ ቤት ሠራተኛ ነው። ነገር ግን ጣሪያ አገኘ፤ የትምህርት ዕድልም አገኘ። ከዚያ በኋላ የሚይዘው አልነበረም። ክፍሉን በሩጫ ጨረሰና ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነጻ ዕድል አግኝቶ ገባ።

ዊንጌት መግባት ያኔ ምን ማለት እንደነበር ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱ ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1930ዎቹ መጨረሻ የተከፈተ ነው። ስሙም በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል የገባውን ጦር ከመራው እንግሊዛዊ መኮንን ከኦርድ ዊንጌት የተወሰደ ነው። እንግሊዛውያን መምህራን ያስተምሩበት ነበር፤ አዳሪ ነው፤ ተማሪው ከየጠቅላይ ግዛቱ በውጤት ተመርጦ የሚመጣ ነው። ከዚያ የወጣ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር፣ ከዚያም ወደ መሥሪያ ቤት ወንበር የሚያደርሰው መንገድ ተጠርጎለታል። ዛሬ ግቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ነው፤ በጉለሌ በኩል የምታልፉ ታዩታላችሁ። ያኔ ግን አጥሩን ማለፍ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም መሻገር ነበር።

አስፋው ተሻገረ። አንሶላ ያለው አልጋ፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብ፣ መብራት፣ መጽሐፍ። የጊዮርጊስን ብርድ የሚያውቅ ልጅ ይህን ሲያገኝ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጣጥመው ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድም። እኔ ብሆን አጣጥመው ነበር።

እሱ ግን አንድ ነገር አየ። በአዳሪ ቤት ምግብ ይተርፋል። ቁርስ ላይ ዳቦ ይተርፋል፤ ምሳ ላይ ወጥ ይተርፋል፤ እንጀራው ጫፍ ጫፉ ተበልቶ ይቀራል። የጠገበ ተማሪ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ይነሳል። የተረፈውም ይደፋል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ፣ በጳውሎስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በኩል፣ ልጆች አሉ። እንደ እሱ ያሉ፤ ትናንት እሱ የነበረውን የሆኑ። አንዱ ወገን ይደፋል፣ ሌላው ወገን ይራባል፤ በመካከላቸው ያለው አንድ አጥር ብቻ ነው።

ይህን ብዙ ሰው አይቶታል። ምግብ ሲደፋ ያየ ተማሪ አስፋው ብቻ አልነበረም። ልዩነቱ እሱ የተረፈውን ሰብስቦ መውሰዱ ነው። እዩልኝ እንግዲህ፤ ምጽዋቱ ከራሱ ኪስ አይደለም፤ ኪስ የለውማ። የሌላው ሰው ትራፊ ነው። እሱ የጨመረበት እግሩንና እፍረቱን ነው። እፍረት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ዓይነት ትምህርት ቤት ውስጥ የሚማር ጎረምሳ ትራፊ ሲሰበስብ መታየት ቀላል አይደለም፤ በተለይ ራሱ ከጎዳና ለመጣ ልጅ። ትናንትናውን ሊያስረሳ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ አጠገብ አይደርስም። እሱ ግን ትናንትናውን ለማስረሳት ጊዜ አልነበረውም።

ምግቡን ሲያካፍል ከልጆቹ ጋር ተዋወቀ። የበላ ልጅ ያወራል። ያወራ ልጅ ይጠይቃል። እንዴት ዊንጌት ገባህ? እንግሊዝኛ ታውቃለህ? ይህ ምን ይላል? አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆነው ተማሪ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ማስተማር ጀመረ።

የዛፍ ሥር ትምህርት ለእኛ ባዕድ አይደለም። የኔታ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ልጆቹ በዙሪያቸው ተኮልኩለው፣ በስንደዶ ፊደሉን እየነኩ ሀ ሁ ሂ ሃ ሲሉ ያደገው የአገራችን ሰው ብዙ ነው። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው እሱን ሰምቶ ይከተላል፤ ያወቀው ላላወቀው ያስቀጽላል። ወንበር አይጠይቅም፤ ሰሌዳ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ የሚያውቅ ሰውና ለመምጣት የፈቀደ ልጅ ነው። አስፋው ያን የዛፍ ጥላ ወሰደና ዊንጌት የሰጠውን ዘመናዊ ትምህርት ከሥሩ አስቀመጠበት። ጠዋት የተማረውን ከሰዓት ያስተምራል። ከአጥሩ ወዲህ ተማሪ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ መምህር ነው።

ልጆቹ በዙ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፤ ከዚያ በአሥሮች፣ ከዚያ በመቶዎች ሆኑ። በከተማ ውስጥ አንድ የተራበ ልጅ ምግብና ፊደል በአንድ ቦታ ማግኘቱን ሲሰማ ወሬው ከጡሩምባ ይፈጥናል። ዛፉ ጠበበ። ዝናብ ሲመጣ ትምህርት ይበተናል። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ቅዳሴ አለ፣ ቀብር አለ፣ ለቅሶ አለ። መቶ ልጅ አንድ ላይ ሲያነብ የሚሰማውን ጩኸት የምታውቁ ታውቃላችሁ። መሬት ያስፈልግ ነበር።

መሬት ከማን ይጠየቃል? ያኔ መልሱ አንድ ነው።

ጃንሆይ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ጠብቆ መውደቅ የታወቀ የአቤቱታ መንገድ ነበር። ርስቱን የተቀማ፣ ፍርድ የተጓደለበት፣ ልጇ የታሰረባት ሁሉ ማመልከቻውን ጠቅልሎ ይጠብቃል። አጃቢው ይገፋል፤ ባለጉዳዩ «ጃንሆይ አቤት!» ይላል። አንዳንዱ ይሰማለታል፣ ብዙው ተገፍቶ ይቀራል። አስፋውም ሄደ። የንጉሠ ነገሥቱ መኪና ሲመጣ ፊት ለፊቱ ራሱን ጣለ። መኪናው ቆመ።

ምን ጠየቀ መሰላችሁ? ለራሱ ርስት አልጠየቀም፤ ሥራ አልጠየቀም፤ ውጭ አገር ላኩኝ አላለም። ልጆች የማስተምርበት መሬት ይሰጠኝ አለ። ጃንሆይ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን ለሌላ ሳይሰጡ ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ያቆዩ ንጉሥ ናቸው፤ ስለ ትምህርት የሚለምን ጎረምሳ ጆሯቸውን ያገኛል። መሬቱ ተሰጠ። በ1950ዎቹም አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ተመሠረተ።

መሬት ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ቤት ማቆም ሌላ ነው። ገንዘብ የለም። ያለው ልጅ ነው፤ ጭቃ ነው፤ ባሕር ዛፍ ነው። መምህሩና ልጆቹ ሆነው ክፍሎቹን በእጃቸው ሠሩ።

ጭቃ ቤት ሠርታችሁ የማታውቁ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል፤ ልንገራችሁ። መሬቱ ይደለደላል። የባሕር ዛፍ ቋሚ እየተለካ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል። በቋሚው ላይ ማገሩ አግድም ይመታል። ከዚያ አፈር ተቆፍሮ፣ ጭድ ተነስንሶበት፣ ውሃ እየተጨመረበት በእግር ይረገጣል። ልጆች ለዚህ ሥራ ተፈጥረዋል፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው እየዘፈኑ ይረግጣሉ። ጭቃው በደንብ ካልቦካ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ተሸፍኖ ይሰነብታል፣ እንደገና ይረገጣል። ሲደርስ በእጅ እየተጠፈጠፈ በማገሩ መካከል ይመረጋል፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ሆነው። ምርጊቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በሁለተኛ ምርጊት ይደፈናል። በየክረምቱ ዝናብ የሚመታው ወገን ይረግፋል፤ ከክረምት በኋላ እንደገና ይመረጋል። እንዲህ ያለ ቤት ተሠርቶ አያልቅም፤ በየዓመቱ ሰው ይፈልጋል።

ግድግዳውን በእጁ የመረገ ልጅ ትምህርት ቤቱን የእኔ ቢል ይገባዋል። ባላባት የሰጠው አይደለም፤ ነጭ የሠራለት አይደለም። ጣቱ ግድግዳው ላይ ታትሟል።

በዚህ መካከል አስፋው ዊንጌትን ጨረሰ። ውጤቱ ጥሩ ነበር። ያ የተጠረገ መንገድ ፊት ለፊቱ ተዘርግቷል፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ዲግሪ፣ ደመወዝ፣ መኪና። ዘመዱ ሁሉ፣ ጓደኛው ሁሉ ምን ይለዋል? «መጀመሪያ ተማር፣ ከዚያ ትረዳቸዋለህ» ነዋ! ምክሩ ክፉ አይደለም። ልጆቹ ግን አራት ዓመት ሊጠብቁ አይችሉም። በስምንት ዓመቱ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሊስትሮ ሳጥኑን ተሸክሞ ሄዷል፤ ወይም ከዚያ የባሰ ቦታ ነው። አስፋው ዩኒቨርሲቲውን ተወ። ከልጆቹ ጋር ኖረ።

ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው። እስካሁን አንተ ያልኩት ልጁን ነው፤ አሁን መምህሩ ጋ ደርሰናል፤ ጋሽ አስፋው ናቸው።

ጋሽ አስፋው ከጎዳና የተማሩትን አልረሱም። ድሃ ልጅ ለምን ትምህርት ቤት እንደማይሄድ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እስከ አሥረኛ ክፍል ነጻ አድርጎት ነበር። ታዲያ ልጁ ለምን ይቀራል? የደንብ ልብስ አለ። ደብተር አለ። እስክሪብቶ አለ። ልጁ ባይማር ኖሮ ሊያመጣው የሚችለው የቀን ገቢ አለ። ከሁሉም በላይ «ወላጅ አምጣ» የሚባል ነገር አለ። ልጁ አረፈደ፣ ወላጅ አምጣ። ደብተሩ ጠፋ፣ ወላጅ አምጣ። ሊመዘገብ መጣ፣ ወላጅህ የት አለ? ወላጅ የሌለው ልጅ፣ ወይም እናቱ ገና ሳይነጋ ከእንጦጦ እንጨት ለመሸከም የወጣች ልጅ፣ ከየት ያምጣ? ማንም አትግባ ሳይለው ከበሩ ይመለሳል።

አሠረ ሐዋርያት የተከፈተው ለዚህ ልጅ ነው። የሚከፈል ነገር የለም። ሌላ ቦታ የሚያስገባው ያጣ ልጅ እዚህ ይገባል። ወላጅ አምጣ ሲባል የሚመጣው ሰው ራሳቸው ጋሽ አስፋው ሆኑ ማለት ነው። ባለትዳር ነበሩ፤ የራሳቸው ቤት ነበራቸው። ግን እንዲህ ያለ ሰው ቤት በሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ልጅ ሌሊት ቢታመም ማንን ይቀሰቅሳል? እናት ብትሞት ለቅሶው የት ይቀመጣል? በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ አብሮ ይሰጣል፤ ሚስትም ትሰጣለች፣ ልጅም ይሰጣል፤ የአባትን ሰዓት ከመቶ ልጆች ጋር መካፈል ስጦታ ነው። ስለ ታላላቅ ሰዎች ስንተርክ ይህን እንዘለዋለን፤ እኔ ዛሬ መዝለል አልፈለግሁም።

ደግሞ ስለ ዱላ ላውራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቆጡኝ፤ ነገሩ ይነካኛል። እኛ የተማርነው በዱላ ነው። ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ አለንጋ፣ በጠጠር ላይ ማንበርከክ፤ በቤት ደግሞ በርበሬ ማጠን። መምህሩ ሲገባ ትምህርቱን ከመስማታችን በፊት እጁን እናያለን፤ ምን ይዟል? «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ» ብሎ ልጁን ለመምህር የሚያስረክብ አባት ነበር። ደግነት መስሎት ነው። ጋሽ አስፋው በትምህርት ቤታቸው ልጅ እንዳይመታ አደረጉ። አስቡት፤ በዚያ ዘመን ይህን ያለ ሰው ለስድነት በር ከፋች ተብሎ ይታማል። የሚገባቸው ግን ገብቷቸዋል። ጎዳና ላይ ያደረ ልጅ ተመትቶ ያውቃል፤ ዘበኛ መትቶታል፣ ባለሱቅ መትቶታል፣ ትልልቆቹ ልጆች መትተውታል። ዱላ ቢያስተምር ኖሮ እሱ ሊቅ በሆነ ነበር። ለእንዲህ ያለ ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት፣ እጁን አንስቶ የማይመታው ትልቅ ሰው መኖሩን ማወቅ ነው። አገሪቱ ይህን በሕግ የጻፈችው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ጋሽ አስፋው ሕጉን አልጠበቁም።

ቆይተው ሁለተኛ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሞያ ይባላል። እዚያ ከቀለሙ ጋር የእጅ ሥራ አለ፤ እርሻ አለ። ልጁ ከመጽሐፉ ጋር መሬቱንም ያውቃል፤ የሠራው ነገር በእጁ ሲበቅል ያያል። ባላገር ሆነው ያደጉ ሰው ናቸውና ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። አገሩን ያስተዋለ መምህር ነው እንዲህ የሚያስበው፤ ከትምህርት የወጣ ሁሉ ወንበር አያገኝም፤ እጁ ሥራ የሚያውቅ ግን ጦሙን አያድርም።

ዘመኑ ተለዋወጠ። የንጉሡ መንግሥት ወረደ፤ ደርግ መጣ፤ ደርግም ሄደ፤ ኢሕአዴግ መጣ፤ እሱም ሄደ። ባለሥልጣኑ ሁሉ የየራሱን መፈክር ግድግዳ ላይ ጻፈ። የአሠረ ሐዋርያት ልጆች ግን በየዓመቱ መጡ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓ 2001 ዓ.ም.፣ ስዊድን የሚገኘው የዓለም ሕፃናት ሽልማት የክብር ሽልማቱን ለጋሽ አስፋው ሰጠ። ይህ ሽልማት ከሌሎቹ የሚለየው ዳኞቹ ልጆች መሆናቸው ነው፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ብዙዎቹም ራሳቸው መከራ ያዩ ልጆች። ከዚህ የበለጠ የሚገባቸው ዳኛ ከየት ይገኝ ነበር?

ስለ ሽልማቱ ከዚህ በላይ አላወራም። እኔ ይበልጥ የማስበው ከዛፉ ሥር ስለተቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ነው። ያኔ ስምንትና አሥር ዓመት የነበሩት ዛሬ ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ ወደ ሰማንያ ተጠግተዋል። ያን ምግብ የበሉ፣ ያን ጭቃ የረገጡ፣ ዝናብ ሲመጣ የተበተኑ እነሱ ናቸው። መምህሩም አልፈዋል። እኔ ዛሬ የተረክሁላችሁ የታሪኩን አጥንት ነው፤ ሥጋው እነሱ ጋ ነው ያለው። መጀመሪያ ያነበቡት ቃል ምን ነበር? ትራፊው ሲደርስ ማን ያካፍል ነበር? ግድግዳው ሲቆም የመጀመሪያው ክፍል ስንት ልጅ ያዘ? መምህሩ ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር፤ ሲስቁስ? ይህን ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የሚያገኘው ሰው የለም። ከእነሱ አፍ መሰማት አለበት።

ስለዚህ ቃሌ ለእናንተ ነው፤ ከጳውሎስ ጴጥሮሱ ዛፍ ሥር ለተማራችሁ፣ ከአሠረ ሐዋርያት ለወጣችሁ፣ ከሞያ ለወጣችሁ፤ አዲስ አበባም ሁኑ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ፣ ጅዳም ሁኑ። የምታስታውሱትን ጻፉት። መጻፍ የሚያዳግታችሁ ለልጆቻችሁ ተናገሩና በስልክ ይቅዱላችሁ። የተማራችሁበትን ዓመት፣ የክፍል ጓደኞቻችሁን ስም፣ የሠራችሁትን ክፍል ጨምሩበት። ከዚያም አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ስጡ፤ ለነገ ተማሪዎች ይነበብላቸው። ዛሬ ነገ አትበሉ።